ጆብ ፌር ከመሄዳችሁ በፊት

ብዙ ተማሪ ጆብ ፌር (ድርጅቶች ጠረጴዛ ዘርግተው ሥራ ፈላጊዎችን የሚያናግሩበት ዝግጅት) የሚሄደው እንዲህ ነው። ጠዋት ተጣድፎ ሲቪውን ያትማል፣ ከጓደኞቹ ጋር ተያይዞ ይገባል፣ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ ወረቀቱን ሲያድል ይውላል። ከዚያ ስልክ ይጠብቃል። የሚደውል የለም። እኔም መጀመሪያ የሄድኩት በዚሁ መንገድ ነበር፣ ይዤ የተመለስኩት ሁለት ነጻ እስክሪብቶና አንድ የጨርቅ ቦርሳ ነው።

ጠረጴዛው ጋ የቆመው ሰው ቀኑን ሙሉ ተማሪ ሲያናግር ነው የሚውለው። ማታ ወረቀቶቹን ሲያገላብጥ "አዎ፣ ይቺ ልጅ እኮ ያንን ነገር የሠራችው ናት" ካላለ ሲቪያችሁ ክምሩ ውስጥ ቀረ ማለት ነው። ዝግጅቱ ሁሉ ለዚህች ቅጽበት ነው።

መጀመሪያ የሚመጡትን ድርጅቶች ዝርዝር ፈልጉ። አዘጋጆቹ ብዙ ጊዜ ቀደም ብለው ያወጡታል። ከዚያ ውስጥ 5 ወይም 6 ምረጡ። ሁሉንም ላዳርስ ያለ አንዱንም በወጉ አያናግርም። የመረጣችኋቸውን ድረ ገጻቸውን እዩ፦ ምን ይሠራሉ፣ አሁን ምን ክፍት ቦታ አላቸው፣ ኢንተርን (ለልምምድ ለተወሰነ ጊዜ የሚሠራ ተማሪ) ይወስዳሉ ወይስ ተመራቂ ብቻ? ደግሞ በስም አትሸወዱ። ባንክ ፕሮግራመር ይቀጥራል፣ ሆስፒታልም የሒሳብ ሠራተኛ ያስፈልገዋል።

ሲቪው አንድ ገጽ ይሁን። "ታታሪ ነኝ፣ በቡድን መሥራት እወዳለሁ" የሚለውን አውጡት፣ ሁሉም ሰው ጽፎታል። በምትኩ የሠራችሁትን ጻፉ። "በዳታቤዝ ኮርስ ለአራት ሆነን የመጽሐፍ ማዋሻ ሲስተም ሠራን፣ የፍለጋውን ክፍል የሠራሁት እኔ ነኝ" ብትሉ ሰውየው የሚጠይቃችሁ ነገር አገኘ። የሥራ ልምድ የለኝም የምትሉ፣ የክበብ ገንዘብ ያዥ መሆን፣ ታናናሾችን ማስጠናት፣ የቤተሰብ ሱቅ ሒሳብ መያዝ ሥራ አይደለም ያላችሁ ማነው? ኢሜይላችሁም የሃይስኩል ቅጽል ስማችሁን የያዘ ከሆነ ዛሬውኑ ሌላ ክፈቱ። ስትጨርሱ ሌላ ሰው ያንብብላችሁ፣ ግቢያችሁ ውስጥ የሥራ ምክር የሚሰጥ ቢሮ ካለ እዚያ ውሰዱት። ከመረጣችኋቸው ድርጅቶች ቁጥር አስበልጣችሁ አትሙ፣ እንዳይጨማደድ ደረቅ ፎልደር ውስጥ ክተቱት፣ ፒዲኤፉንም ስልካችሁ ላይ ያዙ። የፋይሉ ስም የእናንተ ስም ይሁን እንጂ "ሲቪ ፋይናል 3" አይሁን።

አሁን ከባዱ ነገር፣ ራስን ማስተዋወቅ። 30 ሰከንድ ይበቃል። ማን እንደሆናችሁ፣ ስንተኛ ዓመት እንደሆናችሁ፣ ምን እንደሠራችሁ፣ ለምን እነሱ ጋ እንደመጣችሁ። ለምሳሌ፦ "ሦስተኛ ዓመት የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነኝ፣ ባለፈው ሴሚስተር የውሃ ማፋሰሻ ዲዛይን ሠርተን ነበር፣ እናንተ የመንገድ ሥራ ላይ እንዳላችሁ አየሁና ለክረምቱ ኢንተርን ትወስዱ እንደሆነ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።" በቃ። እንደ ግጥም አትሸምድዱት፣ ያስታውቃል። ስልካችሁ ላይ ቀድታችሁ አዳምጡት፣ ያሳፍራል ግን ይጠቅማል።

"ድርጅታችሁ ምን ይሠራል?" ብላችሁ እንዳትጠይቁ። ይልቅ ኢንተርኖች በየቀኑ የሚሠሩት ምን እንደሆነ፣ ማመልከቻ መቼ እንደሚዘጋ፣ ከኢንተርንሺፕ በኋላ የሚቀጠር ሰው እንዳለ ጠይቁ። ክፍያ አለው ወይ ማለትም ነውር የለውም፣ የመጀመሪያ ጥያቄ ብቻ አይሁን። ለትምህርት የሚያዝላችሁ ኢንተርንሺፕ ከሆነ ደግሞ ስንት ሳምንት እንደሚጠየቅና ምን ደብዳቤ እንደሚያስፈልግ ዲፓርትመንታችሁን ቀድማችሁ ጠይቁ፣ አለበለዚያ እዚያ ቆማችሁ ትንተባተባላችሁ።

በዕለቱ በጠዋት ግቡ፣ ሰልፉም አጭር ነው፣ ሰዎቹም አልደከሙም። በጣም የምትፈልጉትን ድርጅት ግን መጀመሪያ አትሂዱበት። ብዙም የማያስጨንቃችሁ ጠረጴዛ ላይ አፋችሁን ፍቱና ከዚያ ሂዱ። ጓደኞቻችሁን በር ላይ ተሰናበቱ፣ አምስት ሆኖ የሚቀርብ ቡድን ውስጥ አንዱ ያወራል፣ አራቱ ይስቃሉ። ለልብስ ንጹሕና የተተኮሰ ይበቃል፣ ሱፍ ካልገዛሁ አትበሉ። አዲስ ጫማ ግን አደራ እንዳታደርጉ፣ ለሰዓታት ነው የምትቆሙት።

"ኦንላይን አመልክት" ካሏችሁ ፊታችሁ አይጥቆር። ብዙ ድርጅቶች አመልካች ሁሉ በሲስተማቸው እንዲያልፍ ነው የሚፈልጉት፣ እናንተን ማባረራቸው አይደለም። ተመዝግባችሁ ስትጨርሱ ለማን ማሳወቅ እንደምትችሉ ጠይቁና ስሙን ያዙ።

ከእያንዳንዱ ጠረጴዛ ስትለዩ ዞር በሉና ሁለት መስመር ጻፉ፦ ማንን አናገራችሁ፣ ምን አሏችሁ። ማታ ላይ ሁሉም ሰው ይምታታባችኋል። በማግስቱ አጭር ኢሜይል ላኩ፦ "ትናንት ስለ ውሃ ማፋሰሻው ፕሮጀክት አውርተን ነበር፣ ባሉኝ መሠረት አመልክቻለሁ፣ ሲቪዬን አያይዣለሁ፣ ስለ ጊዜዎ አመሰግናለሁ።" መልስ ካልመጣ ከሳምንት በኋላ አንዴ ብቻ አስታውሱ። ከዚያ ወዲያ ተዉት፣ ቀጣዩን ድርጅት ያዙ።