«ይሄ ቡና ነው ወይስ ወይን?»

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር አስተናጋጅ ሆኜ ስሠራ አንድ ደንበኛችን ልጃቸው የላከችላቸውን ያረጀ የፈረንሳይ ቦርዶ ቀይ ወይን ይዘው መጡ። በባጃጅ ነው የመጡት። ጠርሙሱ ተንጦ ተንጦ ደርሷል። «ክፈቺልኝ» አሉኝ። ከፈትኩና እየገለበጥኩ ቀዳሁ። ጋሼ አንዴ ተጎነጩ፣ ጥርሳቸው ላይ የቀረውን በምላሳቸው ጠረጉና «ልጄ፣ ይሄ ቡና ነው ወይስ ወይን?» አሉኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እውነታቸውን ነው። ቀይ ወይን ሲያረጅ አተላ ያበጃል። ሳይሰክን ጀበና የሚቀዳ አለ? ይሄም እንደዛው ነው። ጠርሙሱን ከመክፈታችሁ ከአንድ ቀን በፊት ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። ቡሹን ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ከዚያ ንጹሕ ጆግ አዘጋጁና የስልካችሁን መብራት ከጠርሙሱ አንገት ሥር አብሩ። እጃችሁን ሳታቋርጡ ቀስ እያላችሁ አንቆርቁሩ። ጥቁሩ ነገር ወደ አንገቱ ሲጠጋ አቁሙ። ጥቂት ይቀራል፣ አትሳሱለት። ወይኑ ገና ወጣት ከሆነ አተላ ብዙም የለውም፤ ግን ምላስ ያደርቃል። ጆግ ውስጥ አንድ ሰዓት ቢቆይ ይለዝባል።

መለያው ላይ «ሚ ዞን ቡቴይ ኦ ሻቶ» (Mis en bouteille au château) የሚል ካያችሁ እዚያው እርሻው ላይ የታሸገ ነው ማለት ነው። ድሮ የቦርዶ እርሻዎች ወይናቸውን በበርሜል ለነጋዴ ይሸጡ ነበር፤ የሚያሽገው ነጋዴው ነው። ከነዚህ እርሻዎች አንዱ፣ ውዱ ሻቶ ሙቶን ሮትሺልድ፣ በፈረንጆቹ 1924 ምርቱን በሙሉ ራሱ ግቢ ውስጥ አሸገ። ከ1945 ጀምሮ ደግሞ መለያውን በየዓመቱ ማለት ይቻላል ሠዓሊ ያስጌጠዋል። የጋሼ ሙቶን አልነበረም። ቢሆን ኖሮ ዛሬም ዕዳ ላይ ነበርኩ።

«ቀይ ወይን አይቀዘቅዝም» የሚሏችሁን አትስሙ። የሚስማማው ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ነው። የሐዋሳ ቀትር ከዚያ በላይ ስለሆነ ሃያ ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት። ከአሞራ ገደል ገበያ ዓሣ ጋር ግን አታቅርቡት፣ አፍ ውስጥ ብረት ብረት ይላል። ጥብስ ይሻላል። ሚጥሚጣ ካበዛችሁ ደግሞ አልኮሉ ያቃጥላል።

ጋሼ ሁለተኛውን ጠርሙስ ከዋዜማው ላኩት። አቆምኩት፣ አሰከንኩት፣ በመብራት ቀዳሁት። ቀመሱና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጎበዝ። ስፕራይት አለ?»