ለጦርነት ዘመን ፖስተሮች ኤግዚቢሽን መብራት እንዴት ይዘጋጃል?

ባሕር ዳር ውስጥ የሱቅ መስታወት ላይ የከረመ ማስታወቂያ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቀዩና ቢጫው ጠፍቶ ሰማያዊው ብቻ ይቀራል። ፀሐይ በልታው ነው። የጦርነት ዘመን ፖስተር ደግሞ ይብሳል። ለጥቂት ሳምንት ተለጥፎ እንዲጣል የታተመ ነው። ወረቀቱ ብዙውን ጊዜ ርካሽ ነው፤ ብርሃን ሲመታው ቢጫ ይሆናል፣ ይሰባበራል።

ስለዚህ አምፖል ከመግዛታችሁ በፊት መስኮት ዝጉ። ወደ ጣና የሚያሳየውንም ጭምር፤ ያሳዝናል፣ ግን ግድ ነው። ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አልትራቫዮሌቱ ከቆላው ይበረታል። ወፍራም ጥቁር መጋረጃ ስቀሉ። የጣና ገዳማትን የጎበኘ ሰው ሥዕል ላይ የሚጋረደውን ጨርቅ ያስታውሳል፤ እንግዳ ሲመጣ ይገለጣል። በጣም ለሳሳው ፖስተር እንደዚያው አድርጉለት።

ከዚያ ለኩ። ለወረቀት የተለመደው የብርሃን ጣሪያ 50 ሉክስ ነው፤ ሉክስ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ ነው። የቀትር ፀሐይ 100,000 ሉክስ ይደርሳል። እስቲ አስሉት፦ አንድ ሰዓት ፀሐይ ላይ የዋለ ፖስተር፣ በ50 ሉክስ በቀን 8 ሰዓት ለ250 ቀን የተሰቀለውን ያህል ብርሃን ጠጥቷል። ጉዳቱ ደግሞ ይጠራቀማል፤ ጨለማ ውስጥ ብታሳርፉት ቀለሙ አይመለስም። የስልክ መተግበሪያ ለግምት እንጂ ለውሳኔ አይሆንም። የሉክስ መለኪያ ተዋሱ።

አምፖሉ ዲመር (ብርሃኑን ከፍ ዝቅ የሚያደርግ መቆጣጠሪያ) የሚቀበል ኤልኢዲ ይሁን፤ የብርሃኑ ቀለም 3000 ኬልቪን ገደማ፣ ማለትም ሞቅ ያለ ነጭ። ካርቶኑ ላይ ሲአርአይ (CRI፣ አምፖሉ ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚለካ ቁጥር) 90 እና ከዚያ በላይ የሚል ፈልጉ። እዚህ ላይ ለመቆጠብ አትሞክሩ። በ1917 እ.ኤ.አ. የወጣውን የጄምስ ሞንትጎመሪ ፍላግን የአሜሪካ ጦር ምልመላ ፖስተር አስቡ፤ ጣቱን ወደ እኛ የቀሰረውን ሽማግሌ። በርካሽ አምፖል ቀይ ክራቫቱ ቡናማ ይመስላል።

መብራቱን ከጣሪያ ስታወርዱት ከቁልቁል መስመሩ 30 ዲግሪ ገደማ አዘንብሉት። በጣም ቁልቁል ከሆነ የክፈፉ ጥላ ፖስተሩ ላይ ይወድቃል፤ በጣም ካዘነበለ የተመልካቹ። ተመልካች በሚቆምበት ቦታ ቁሙና ተመልከቱ። የሌላ አምፖል ነጸብራቅ የሽማግሌውን ጣት ከሸፈነው አምፖሉን አንቀሳቅሱት። በልጅ ቁመትም ዝቅ ብላችሁ ድገሙት።

አንድ ነገር ይቀራል። ከውጭ ፀሐይ የገባ ሰው 50 ሉክስ ሲያይ «መብራት ጠፋ እንዴ?» ይላል። መግቢያው ላይ ትንሽ ደመቅ ያለ ኮሪደር ይኑር፤ ቀስ እያለ ይደብዝዝ። የመግቢያውን ጽሑፍ እዚያ ስቀሉት። አንብቦ እስኪጨርስ ዓይኑ ይለምዳል።