ቦርዱን ጠብቁት! ስፕሪንግቦርድ ላይ ጀማሪ የሚሳሳታቸው ነገሮች

ባለፈው ሳምንት አንድ ጎበዝ ልጅ ያንኑ ስህተት ደጋግሞ ሲሠራ አይቼ ማታ እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ነው ይሄን የምጽፈው። እኔ ዳይቪንግ፣ ማለትም ከስፕሪንግቦርድ (ከሚለጠጥ የመዝለያ ሰሌዳ) ወደ ውሃ መዝለልን፣ የማሠለጥነው ባሕር ዳር ነው፣ ልጆቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚለማመዱት መሬት ላይ ነው፣ ጣና ዳር ሲሚንቶ ላይ በኖራ ቦርድ እንሥላለን፣ 4.88 ሜትር ርዝመት 50 ሳንቲ ሜትር ወርድ፣ ልክ እንደ እውነተኛው። እውነተኛ ቦርድ ላይ የሚወጡት አዲስ አበባ ስንሄድ ነው፣ እዛ ደግሞ ጊዜውም ብሩም ቶሎ ያልቃል፣ እዚህ የተበላሸ እርምጃ እዛ አይስተካከልም።

ትልቁ ስህተት ቦርዱን አለመጠበቅ ነው። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይቺን ያዙልኝ። ሀርድል የምንላት የመጨረሻዋ ዝላይ አለች አይደል፣ በአንድ እግር ተነስተህ በሁለት እግር ጫፉ ላይ የምታርፍባት፣ እዛ ስታርፍ ቦርዱ ይወርዳል፣ ታች ይደርሳል፣ ከዛ ይመለሳል። የሚወረውርህ ሲመለስ ነው። ጀማሪ ግን እግሩ ገና እንደነካ መሬት ላይ እንዳለ ሰው ባለ በሌለ ጉልበቱ ይዘላል፣ ቦርዱ ገና እየወረደ እያለ እሱ ሄዷል፣ ቦርዱ ሲመለስ የሚያነሳው ሰው የለም። ከዛ "ኮች ጉልበት የለኝም መሰለኝ" ይለኛል። ኧረ ጉልበትህ ሞልቷል፣ ትዕግስት ነው ያነሰህ!

የጣና ልጆች ይሄን በታንኳ ያውቁታል እኮ። ታንኳ ላይ ዘለህ ዘጭ ብትል ከስርህ ይሸሻል ወይ ይገለብጥሃል፣ ክብደትህን ቀስ አድርገህ ስትሰጠው ግን ትንሽ ዝቅ ይልና መልሶ ይይዝሃል። ቦርድም እንደዛው ነው፣ አትረግጡት፣ ጫኑት።

አንዲት የሽምብጥ (የባሕር ዳር ሰፈር) ልጅ ነበረችኝ፣ ቦርዱን ጠብቂው ባልኳት ቁጥር ይበልጥ አጥብቃ ትዘላለች፣ ይበልጥ ዝቅ ትላለች፣ አልቅሳም ታውቃለች። አንድ ቀን ዳይቭ ማድረግ ከለከልኳት። ጫፉ ላይ ቁሚ፣ በሁለት እግርሽ እዛው ተነስተሽ እዛው እረፊ፣ ቦርዱ ሲወርድ አብረሽ ውረጂ፣ ሲመለስ ጉልበትሽን ዘርጊ፣ በቃ ሌላ ምንም የለም አልኳት። ሃያ ጊዜ ያህል ሠራችው፣ ከዛ በአንዱ ሳታስበው ከፍ ብላ ሄደች፣ ከውሃው ስትወጣ ዓይኗ ፈጦ "ጋሼ፣ ራሱ አነሳኝ እኮ!" አለችኝ። አዎ፣ ራሱ ነው የሚያነሳው።

እጅ ሲዘገይም ውጤቱ ያው ነው። እግርህ ጫፉን ሲነካ እጅህ ወርዶ ዳሌህ አካባቢ መድረስ አለበት፣ ቦርዱ ሲወርድ እጅህ በፊት በኩል ወደ ላይ ይነሳል፣ ያ ነው ቦርዱን የበለጠ የሚጭነው። እግር አርፎ እጅ ገና ከኋላ ከሆነ አልቋል።

መሮጥ። አፕሮች፣ ማለትም ወደ ጫፉ የምትሄድበት አካሄድ፣ ሩጫ አይደለም፣ ሶስት ወይ አራት እርምጃ በእርጋታ ነው የሚኬደው። መነሻህን በግምት አትያዝ፣ ጫፉ ላይ ጀርባህን ለውሃው ሰጥተህ ቁም፣ እርምጃህንና ሀርድልህን ወደ ኋላው በኩል ሂድና የደረስክበት ላይ ምልክት አድርግ፣ መነሻህ እዛ ነው። እኔ ልጆቹን እግራቸውን በውሃ አርጥቤ ነው ኖራው ላይ የማስኬዳቸው፣ ፀሐዩ ሳያደርቀው ዱካውን ጎንበስ ብዬ አየዋለሁ፣ እርምጃው እየጠበበ ከሄደ ፈርቷል፣ መጨረሻ ላይ አንዱ እግር ቀድሞ ሌላው ከኋላ ከታተመ ሁለት እግሩ እኩል አላረፈም ማለት ነው። ውድድር ላይ ስፕሪንግቦርድ ሮጠህ ስትነሳ በሁለት እግር እኩል ነው፣ በአንድ እግር ከተነሳህ ዜሮ ነው።

ዓይን። ጫፉን እያየህ ና፣ እግርህ ሲያርፍ ቀና በል። ከዛ በኋላም ጣትህን የምታይ ከሆነ ጭንቅላትህ ይወርዳል፣ ትከሻህ ይከተላል፣ ሳትነሳ ወደ ፊት ትወድቃለህ።

ፉልክረሙን፣ ማለትም በእግር በሚሽከረከር ጎማ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄደውን የቦርዱን መደገፊያ፣ ትልልቆቹን አይቶ ወደ ኋላ መመለስ። ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር ቦርዱ ይለሰልሳል፣ ወርዶ እስኪመለስ ይዘገያል፣ የጀማሪ ታይሚንግ ደግሞ ያንን አይችልም። እኔም ሠርቼዋለሁ፣ ማንም ሳያየኝ ወደ ኋላ መልሼው ጫፉን ስቼ አረፍኩና ቅልጥሜ ተላጠ፣ ጠባሳው አሁንም አለ። ወደ ፊት አምጡት፣ ሲገባችሁ ቀስ በቀስ መልሱት።

ወደ ኋላ ተደግፎ መነሳት ከሁሉም የከፋ አደጋ አለው። አሜሪካዊው የኦሎምፒክ ሻምፒዮን ዳይቨር ግሬግ ሉጋኒስ የሚያህል ሰው እንኳ እ.ኤ.አ. በ1988 ሴኡል ኦሎምፒክ ማጣሪያ ላይ ወደ ቦርዱ በጣም ቀርቦ ጭንቅላቱን መታው፣ ተሰፍቶ ተመልሶ ወርቅ ወሰደ፣ ግን እሱ ሉጋኒስ ነው። እናንተ ወደ ላይና ትንሽ ወደ ፊት ተነሱ።

ጀምሮ መሃል ላይ ማቆም፦ ውድድር ላይ እያንዳንዱ ዳኛ ከሚሰጠው ላይ 2 ነጥብ ይቀነሳል፣ ሁለተኛ ካቆምክ ዳይቩ ተበላሸ።

በመጨረሻ ይሄን ለወላጆችም ንገሩልኝ። መሬት ላይ የለመዱትን ሀይቁ ላይ ልሞክር የሚሉ ልጆች አሉ፣ በፍፁም! ለ1 ሜትር ቦርድ ከጫፉ ስር ወደ 3.4 ሜትር ጥልቀት ያስፈልጋል፣ ጣና ደግሞ ጥልቁ ቦታ እንኳን 14 ሜትር ገደማ ነው፣ ዳር ዳሩ ጥልቀት የለውም፣ ውሃው ደለል ስላለው ድንጋዩ አይታይም፣ ቢልሃርዝያም አለ። መስቀል ሰሞን ደረት የሚደርሰው ቦታ ግንቦት ላይ ጉልበት ነው። አምና ዘለን ምንም አልሆንንም የሚል ልጅ ካለ ያንኑ ቦታ ግንቦት ላይ ወስዳችሁ ከዳር ሆኖ በእንጨት ይለካውና ይየው።

ኖራው በክረምት ይታጠባል፣ ለሐምሌና ነሐሴ መስመሩን በቀለም ሥሩት፣ ሲሚንቶው እርጥብ ሲሆን ግን ሀርድሉን ትታችሁ እርምጃውን ብቻ ሂዱ።