«በዘር ነው ወይ?» ለሚል ቤተሰብ ስለ ሥጋ ደዌ እንዴት ማስረዳት ይቻላል

የሥጋ ደዌ ታካሚዎችን የምከታተል ነርስ ነኝ። ቤተሰብ ስለ መድኃኒቱ ከመጠየቁ በፊት «በዘር ነው ወይ?» ይለኛል። «አይደለም» ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ በአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው ታሞ ያየ አያምናችሁም። «አዎ» ካላችሁ ደግሞ ልጆቹ ሳይታመሙ በሽተኛ እየተባሉ ያድጋሉ።

መጀመሪያ መነሻው ጀርም እንደሆነ ንገሯቸው። ኖርዌያዊው ሐኪም ሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 ባክቴሪያውን ሲያገኝ፣ የገዛ አማቱ ዳንየልሰን፣ ስመ ጥር ሐኪም ሆኖ፣ በሽታው ይወረሳል ባይ ነበር። ስለዚህ ጠያቂውን እንደ አላዋቂ አትዩት።

ቀጥሎ የሚወረሰውን ለዩላቸው። እኔ በእርሻ ነው የማስረዳው፦ ዘሩ ጀርሙ ነው፣ ከወላጅ የሚመጣው መሬቱ ነው። ከ100 ሰው 95 ያህሉ ላይ ያ ዘር አይበቅልም። ልዩነቱን ከሚያመጡት መካከል ሰውነት ጀርምን የሚለይባቸውና የሚዋጋባቸው ጂኖች አሉ። ኖድ2 የተባለው ጂን የባክቴሪያ ግድግዳ ስብርባሪን ለማወቅ ያገለግላል፤ ኤችኤልኤ የሚባሉት ደግሞ በሽታው በጥቂት ቦታ መወሰኑ ወይም ሰውነትን ማዳረሱ ላይ ጭምር ድርሻ አላቸው። ማን እንደሚታመም ቀድሞ የሚናገር የጂን ምርመራ ግን በሕክምና ላይ የለም፤ ተስፋ አትስጡ።

የመንትዮቹን ጥናት ሳልነግራቸው አልለቃቸውም። በሕንድ ተሠርቶ በ1973 የታተመ ጥናት ላይ፣ ፍጹም ተመሳሳይ ከሆኑት ጥንዶች 60 በመቶው ሁለቱም ታመዋል፤ ከማይመሳሰሉት 20 በመቶ ብቻ። ይህን ሰምተው ፊታቸው ሲጠቁር ወዲያው ሌላውን ጎን አሳዩ፦ ከተመሳሳዮቹ 40 በመቶ ያህሉ ዘንድ ጂናቸው አንድ ሆኖ የታመመው አንዱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ምርመራው። ድሮ የታካሚውን ልጆችና ወንድሞች ብቻ አይቼ ሚስቱን አለፍኳት፤ ደም አይጋሩም ብዬ። ከሁለት ዓመት በኋላ ትንሿ ጣቷ ደንዝዛ መጣች። ያ እስካሁን ያንገበግበኛል። አብሮ የሚኖረውን ሁሉ እዩ።

ነጣ ወይም ቀላ ያለ ምልክት ካገኛችሁ የጥጥ ጫፍ አሹላችሁ ዓይኑ እያየ አንዴ ንኩት። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ የነካችሁትን ቦታ በጣቱ ይጠቁም። ምልክቱ ላይ ስትነኩት ዝም ካለ፣ ወይም ክርኑ ጎን ያለው ነርቭ ወፍሮ ካገኛችሁት፣ ያንኑ ቀን ወደ ሕክምና ላኩት። ምንም ላልተገኘበትም የመመለሻ ቀን ጻፉለት፤ ጀርሙ ምልክት እስኪያሳይ በአማካይ 5 ዓመት፣ አንዳንዴም 20 ዓመት ይቆያል።