የስኳር ድንች ሐረግ ስንት አንጓ ይቀበር?

ድንች የለመደ እጅ ስኳር ድንች ሲተክል ብዙ ጊዜ የሚስተው ጥልቀቱን ነው። ድንች የሚቋጠረው ከተቀበረው ዘር በላይ ስለሆነ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀብሮ እያደገ ሲሄድ አፈር ማስታቀፍ ያዋጣል። ስኳር ድንች ግን የሚያፈራው ከተቀበረው የሐረግ አንጓ (ቅጠሉ ከሚወጣበት መጋጠሚያ) በሚወጣ ሥር ነው። ስለዚህ ስንዝሩን ተዉትና አንጓ ቁጠሩ፤ ከአፈር በታች ሦስት ወይም አራት ይግባ።

ቁራጩን ከሐረጉ ጫፍ በኩል 30 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ውሰዱ። ወደ ግንዱ ያለው ያረጀ ክፍል ቶሎ አይይዝም። የሚቀበረውን ክፍል ቅጠሉን አራግፉና በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላችሁ ጥላ ውስጥ አንድ ሁለት ቀን አቆዩት፤ አንጓው ላይ ነጫጭ የሥር ጫፎች ብቅ ሲሉ ታያላችሁ።

መደቡ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። በመደብና በመደብ መካከል 60፣ በተክልና በተክል መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ተዉ፤ በዚህ ልክ ሩብ ሄክታር 14,000 ገደማ ቁራጭ ይፈጃል። ቁራጩን ቀጥ አድርጎ ከመውጋት አጋድሞ መትከል ይሻላል። 20 ሴንቲ ሜትሩ አፈር ውስጥ ሲጋደም የታችኛው ጫፍ ከ10 ሴንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም፣ አንጓዎቹም ሁሉ አየር አያጡም። ከሐረጉ መሃል የተቆረጠ ከሆነ እንዳይገለበጥባችሁ እዩ፦ እንቡጡ ምንጊዜም ከቅጠሉ እግር በላይ ነው።

ጥልቀት አብዝቶ የሚቀጣው ዋልካ አፈር ነው። ደምቢያ ሜዳ ላይ በሐምሌ ውኃ ሲተኛ በጥልቅ የገባው አንጓ አየር ያጣል፤ ወይ ይበሰብሳል፣ ወይ እንደ ጅራፍ የቀጠነ ሥር ብቻ ይሰድዳል። እዚያ መደቡን ከፍ አድርጉ፣ ቦዩም ውኃውን የሚያስወጣ ተዳፋት ይኑረው፤ አንጓ ግን አትጨምሩ። ውኃ የማይቋጥረው ቀይ አፈር ትንሽ ጥልቀት ቢበዛበትም ይችላል። አንድ አንጓ ብቻ ቀብሮ መተው ደግሞ ዝናቡ ለሳምንት ቢያቋርጥ ቁራጩን ያደርቀዋል፤ ቢተርፍም የሚያፈራው ሥር ጥቂት ነው።

በአራተኛው ሳምንት ኮትኩታችሁ አፈር አስታቅፉ። ከዚያ በኋላ ሥሩ መወፈር ስለሚጀምር ዶማውን ወደ ተክሉ አታስጠጉ። ዝናቡ ሲወጣ ዋልካ ይሰነጠቃል፤ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ካያችሁ በአፈር ድፈኑት። ቆላማ ቦታ ላይ የስኳር ድንች ነቀዝ ወደ ሥሩ የሚወርደው በዚያ ነው፣ ጠንካራ አፈር ቆፍሮ መግባት አይችልምና። ጎንደር ከተማ ዙሪያ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ከአምስት ወር በፊት ለመንቀል አትቸኩሉ።

ጎደሬ ሌላ ጠባይ አለው። አዲሱ ኮረት (መሬት ውስጥ የሚያብጠው የሚበላ ክፍል) የሚያድገው ከተተከለው በላይ ወደ ላይ ስለሆነ፣ በ10 ሴንቲ ሜትር ትልም ውስጥ ተክላችሁ ትልሙን ቀስ በቀስ ሙሉት። ከላይ ከተከላችሁት አናቱ ከአፈር ወጥቶ ይቀራል፣ ጎን ጎኑም ቡቃያ ያበዛል።