በሥራ ላይ እግር ሲሰበር፦ ከአደጋው ቀን እስከ ሥራ መመለስ

ባሕር ዳር ውስጥ ግንባታ የሌለበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። በአጠና መወጣጫ ላይ ሰው ይወጣል፣ ብሎኬት ከላይ ይወድቃል፣ ከአይሱዙ ላይ ብረት ይራገፋል። እግር የሚሰበረውም በዚህ መሃል ነው። ከአደጋው በላይ ግን እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ሊድን የሚችል እግር አንዳንዴ ጠብቆ ታስሮ ይበላሻል፣ አንዳንዴ ደግሞ ወራት ሙሉ አልጋ ላይ ተጋድሞ።

1. እግሩን እንዳለ ይዛችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ

የተጣመመ እግር ለማቃናት አትጎትቱ። ከጉልበት በታች ከሆነ በግራና በቀኝ ጣውላ ወይም የታጠፈ ካርቶን አድርጋችሁ በነጠላ ሸብ አድርጉት። አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ከወጣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት እንጂ ወደ ውስጥ አትመልሱት። እንዲህ ያለ ቁስል የቲታነስ መርፌና አንቲባዮቲክ በቶሎ ይፈልጋል። ባጃጅ ውስጥ እግር መዘርጋት አይቻልም፤ ፒክአፕ ወይም ሚኒባስ ለምኑ። ከባድ ስብራት ከሆነ ጤና ጣቢያ ላይ ብዙ ሳትቆዩ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሪፈር አጽፉ።

2. ወጌሻን በተመለከተ

እዚህ ላይ ልቆይ። በጣና ዳርቻ ባሉ ገጠሮችም ሆነ በከተማው ወጌሻ የተከበረ ሰው ነው፤ ቤተሰብም «ሆስፒታል ከሄደ ይቆርጡታል» ብሎ ይፈራል። የሚገርመው ብዙ ጊዜ ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆኑ ነው። የተሰበረ እግር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያብጣል። በቀርከሃ ወይም በሸምበቆ ጥብቅ ተደርጎ ከታሰረ እብጠቱ መሄጃ ያጣል፣ ደሙ ይቆማል፣ ሥጋው ይሞታል። መቁረጥ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ራጅ ሳይነሱ አትታሰሩ፤ ከታሰራችሁም በኋላ ጣቶቻችሁን ተከታተሉ።

የታሰረውን እግር አውራ ጣት በጥፍሩ ላይ ተጫኑና ልቀቁ። ጥፍሩ ነጥቶ በሁለት ሰከንድ ያህል ውስጥ ወደ ቀይነቱ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ወይም ማስታገሻ ወስዳችሁም ሕመሙ ከባሰ ሌሊትም ቢሆን ሂዱ። ጀሶም ቢሆን ያው ነው። ሐኪም የሠራው ጀሶም ሊጠብቅ ይችላል።

3. ወረቀቱን ሰብስቡ

ሕመም ላይ ያለ ሰው ወረቀት አያስብም፤ ስለዚህ ይህን ሥራ ለወንድም ወይም ለጓደኛ ስጡት። አደጋው የደረሰበት ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ይጻፍ። ያዩ ሁለት ሰዎች ስማቸውን ይስጡ። የሐኪም ማስረጃ፣ የመድኃኒት ደረሰኝ፣ የትራንስፖርት ወጪ ሳይቀር በአንድ ፖስታ ይቀመጥ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ሕክምናውን አሠሪው እንዲሸፍን ያዛል። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ካልጎዳ በቀር የአሠሪው ጥፋት መረጋገጥ የለበትም። ሥራ መሥራት ለማትችሉበት ጊዜ የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያም 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈላል። «የጽሑፍ ውል የለህም» የምትባል ነገር አለች። አትደናገጡ፤ የሥራ ውል በቃልም ይጸናል። አሠሪው እንቢ ካለ ወደ ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ሂዱ፣ አትዘግዩ።

4. የቤት ሳምንታት

እግራችሁን ትራስ ደራርባችሁ ከልባችሁ ከፍታ በላይ አድርጉት። ጠያቂ ሲመጣ ግን ሁሉም ሰው ተነስቶ ይቀመጣል፣ እግሩም ተንጠልጥሎ ያብጣል። ተኝታችሁ ብትጫወቱ ማንም አይቀየምም። ጠያቂ ለስላሳና ሙዝ ይዞ ይመጣል፤ ለቅርብ ሰው «እንቁላል ይሁንልኝ» ማለት ነውር የለበትም። የአጥንት መረቅ ያሞቃል እንጂ ብቻውን አጥንት አይጠግንም። ወተት፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ከጣና የወጣ ቆሮሶ ይሻላል። ጾም ከሆነ ለንስሐ አባታችሁ ንገሯቸው። ሲጋራ የአጥንት መግጠምን ያዘገያል፤ ለማቆም ከዚህ የተሻለ ሰበብ አይገኝም።

ሐኪሙ ካልከለከለ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጣቶቻችሁን አንቀሳቅሱ። ጉልበታችሁን ዘርግታችሁ የጭናችሁን ሥጋ ጠበቅ አድርጉና እስከ 5 ቁጠሩ፣ ልቀቁ። 10 ጊዜ፣ በቀን ብዙ ዙር። ባታችሁ በድንገት አብጦ ቢጠዘጥዛችሁ በቅቤ አታሹት፤ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ ደግሞ ሳትውሉ ሳታድሩ ድንገተኛ ክፍል ግቡ።

ማንም የማያወራው ችግር መጸዳጃ ቤት ነው። ቁጢጥ ማለት አይቻልም። ጠንካራ የፕላስቲክ ወንበር መሃሉን በመጋዝ አስቀድዱና በጉድጓዱ ላይ አቁሙት። ጠርዙን በአሸዋ ወረቀት አስሙት፣ እግሮቹም እንዳይንሸራተቱ አረጋግጡ።

5. ክራንች

ከላይኛው ጫፍና ከብብታችሁ መካከል ሁለት ሦስት ጣት ይግባ። ክብደቱን የሚሸከመው መዳፋችሁ ነው፤ ብብት ላይ መንጠልጠል የእጅ ነርቭ ይጎዳል። ደረጃ ስትወጡ ጤነኛው እግር ይቅደም፣ ስትወርዱ ክራንቹና የታመመው ይቅደሙ። የታችኛው ጎማ ካለቀ ቀይሩት፤ ክረምት ላይ የባሕር ዳር ኮብልስቶን ያዳልጣል።

6. ጀሶው ሲወልቅ

ባታችሁ ከስቶ፣ ቆዳው ተልጦ፣ ቁርጭምጭሚቱ ደርቆ ታገኙታላችሁ። የተለመደ ነው። የቅልጥም አጥንት ለመጠንከር ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ወር ይፈልጋል፣ ጀሶው ስለወለቀ ብቻ መሮጥ አይቻልም። ፊዚዮቴራፒ እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ፤ ካልጠየቃችሁ ሊረሳ ይችላል።

ሐኪሙ «20 ኪሎ ብቻ አሳርፍበት» ሊላችሁ ይችላል። 20 ኪሎ ስንት እንደሆነ እግር በግምት አያውቅም። መንገድ ዳር ሰው የሚመዝኑ ልጆች ያላቸውን ዓይነት ሚዛን ተዋሱ። ጤነኛውን እግር ከሚዛኑ እኩል ከፍታ ባለው ጣውላ ላይ፣ የታመመውን ሚዛኑ ላይ አድርጉ። ክራንቹን ደገፍ ብላችሁ መርፌው 20 እስኪደርስ ቀስ ብላችሁ ጫኑ። ደጋግሙት፤ በጥቂት ቀናት ልኩን እግራችሁ ራሱ ይለየዋል።

7. ወደ ሥራ

«ቀላል ሥራ ይሥራ» የሚል ወረቀት ብዙ አይጠቅምም። ፎርማን ቀላል የሚለው ሲሚንቶ መሸከም ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ በዝርዝር ይጻፍላችሁ፦ መሰላል አይወጣም፣ ከባድ አይሸከምም፣ ረጅም ሰዓት አይቆምም፣ እስከዚህ ቀን ድረስ። ጉዳቱ በቋሚነት የሚቀር ከሆነ መጠኑን የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ ነው፤ ካሣውም በዚያ ላይ ይሰላል። እግራቸው ለተቆረጠ ወይም ድጋፍ ለሚያስፈልጋቸው ባሕር ዳር ውስጥ ሰው ሠራሽ እግርና ድጋፍ የሚሠራ የአካል ተሐድሶ ማዕከል አለ። አዋጁ የነዚህንም ወጪ ከሕክምናው ጋር ስለሚያካትት ደረሰኙን እዚያው ፖስታ ውስጥ ጨምሩት።