ደሴ ሆኖ ኮምቦልቻ ያለ ስዊች ውስጥ በኤስኤስኤች መግባት

ደሴ ተቀምጦ ኮምቦልቻ ያለ ስዊች (ኮምፒውተሮችን በኔትወርክ የሚያገናኝ መሣሪያ) የሚያስተዳድር ባለሙያ ለእያንዳንዱ ማስተካከያ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን ሐረጎን መውረድ አይጠበቅበትም። ይሁንና ከርቀት ወደ መሣሪያ ለመግባት ብዙዎቻችን የለመድነው ቴልኔት የተጠቃሚውን ስምና የይለፍ ቃል ሳያመሰጥር በፖርት 23 ስለሚልክ፣ መሀል ላይ ሆኖ መስመሩን የሚጠልፍ ሰው እንዳልታሸገ ደብዳቤ ያነበዋል። በ1995 እ.ኤ.አ. ፊንላንድ ውስጥ ለዚሁ ሥራ የተሠራው ኤስኤስኤች ግን በፖርት 22 የሚያልፈውን ሁሉ ያመሰጥራል። የሚከተለው አሠራር ለሲስኮ ካታሊስት ስዊቾች ሲሆን፣ ትዕዛዞቹን በአነባበባቸው ጽፌያቸዋለሁ፤ ስዊቹ ላይ የሚገቡት በላቲን ፊደል ነው።

የመጀመሪያውን ዝግጅት እዚያው ኮምቦልቻ፣ ኮምፒውተርን ከስዊቹ ጋር በቀጥታ በሚያገናኘው በኮንሶል ኬብል ይሥሩት። ስዊቹ የማኔጅመንት አይፒ አድራሻና ዲፎልት ጌትዌይ (ወደ ሌላ ኔትወርክ የሚያወጣው በር) ከሌለው ከደሴ አይደረስበትም። ቀጥሎ በ«ሆስትኔም» ለስዊቹ የራሱን ስም፣ በ«አይፒ ዶሜይን-ኔም» ደግሞ የዶሜይን ስም ይስጡት፤ የምስጠራ ቁልፉ የሚሰየመው ከሁለቱ ስለሆነ ይህን የዘለለ ሰው ቁልፉን ሊያመነጭ ሲሞክር ስዊቹ ይመልሰዋል። ከዚያ «ክሪፕቶ ኪ ጄነሬት አርኤስኤ ሞዱለስ 2048» እና «አይፒ ኤስኤስኤች ቨርዥን 2» ይበሉ። በ«ሾው አይፒ ኤስኤስኤች» ሲያዩት 1.99 የሚል ከሆነ፣ ስዊቹ አሮጌውን ቨርዥን 1ም ገና ይቀበላል ማለት ነው።

የተጠቃሚ መለያ ሲከፍቱ «ፓስወርድ» የሚለውን ትተው «ሲክሬት» የሚለውን ይጠቀሙ፤ በፊተኛው የገባ የይለፍ ቃል ቢሸፈን እንኳ በቀላሉ ይፈታል። ለእያንዳንዱ ሠራተኛም የየራሱን መለያ ይክፈቱ። ሁሉም «አድሚን» በሚባል አንድ ስም ከገባ፣ ማን ምን እንደነካ ማወቅ አይቻልም።

አሁን በሩን መዝጋት ነው። ከርቀት የሚገባው ሰው የሚያልፈው «ቪቲዋይ» በሚባሉ መስመሮች ነው፤ ብዙ ሰው «ላይን ቪቲዋይ 0 4» ብሎ ያቆማል፤ ከ5 እስከ 15 ያሉት መስመሮች ግን በቀድሞ ቅንብራቸው ስለሚቀሩ ቴልኔት በዚያ በኩል ሊገባ ይችላል። ስለዚህ «ላይን ቪቲዋይ 0 15» ብለው «ሎጊን ሎካል» እና «ትራንስፖርት ኢንፑት ኤስኤስኤች» ያስገቡ። የደሴው ቢሮ አድራሻ ብቻ እንዲፈቀድ አክሰስ ሊስት (የተፈቀዱና የተከለከሉ አድራሻዎች ዝርዝር) አዘጋጅተው በ«አክሰስ-ክላስ» ያስሩት።

ይህን የመጨረሻውን ደረጃ ከደሴ ሆነው የሚሠሩት ከሆነ ግን ይጠንቀቁ፤ በአክሰስ ሊስቱ ውስጥ አንድ ቁጥር ቢሳሳት ራስዎን ውጭ ቆልፈው፣ አመሻሹ ላይ ኮንሶል ኬብል ይዘው ሚኒባስ ሊፈልጉ ይችላሉ። መጀመሪያ ያለውን ቅንብር ያስቀምጡ፤ ከዚያ ስዊቹ ከ10 ደቂቃ በኋላ ራሱን እንዲያስነሣ «ሪሎድ ኢን 10» ብለው ለውጡን ሳያስቀምጡ ይሥሩ። ከተቆለፉ ስዊቹ ከ10 ደቂቃ በኋላ ተነሥቶ ወደ ቀድሞ ቅንብሩ ይመለሳል፤ በስዊቹ ላይ ያሉ ተጠቃሚዎች ለጥቂት ደቂቃ ስለሚቋረጡ ከሥራ ሰዓት ውጭ ቢሆን ይመረጣል። የተከፈተውን መስኮት ሳይዘጉ በሌላ መስኮት እንደ አዲስ ይግቡ፤ ቴልኔትንም ይሞክሩና መከልከሉን ያረጋግጡ። ሁሉም ከሠራ «ሪሎድ ካንስል» ብለው ወዲያው ቅንብሩን ስዊቹ ሲነሣ ወደሚያነበው «ስታርትአፕ-ኮንፊግ» ይገልብጡ፤ ካልተገለበጠ መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራዎ አብሮ ይጠፋል።

ስዊቾቹ ሲበዙ መለያዎቹን ደሴ ባለ የራዲየስ ሰርቨር (መለያዎችን በአንድ ቦታ ይዞ የሚያረጋግጥ ኮምፒውተር) ማስተዳደር ይቀላል። ያኔ በማረጋገጫው ትዕዛዝ ውስጥ ከ«ግሩፕ ራዲየስ» ቀጥሎ «ሎካል» የሚለውን አይርሱ፤ የሁለቱ ከተሞች መስመር ተቋርጦ ሰርቨሩ መልስ ሳይሰጥ ሲቀር፣ ኮምቦልቻ ያለው ባልደረባዎ የሚገባው ስዊቹ ላይ በተቀመጠው መለያ ነው።